የዴል ቶሮን «ፒኖኪዮ» ከሰባት ዓመት ልጄ ጋር አየሁት፤ አሁን ምን ይሻለኛል?

ቅዳሜ ማታ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ፊልሙን ገና ያላያችሁ እዚህ ላይ ተመለሱ። መጨረሻውን ሳይቀር ነው የማወራው።

ጥፋቱ የኔ ነው፤ ከዚያ ልጀምር። ባለቤቴ የማታ ተረኛ ነበረች። እኔ፣ እናቴ፣ የ12 ዓመቱ ወንድ ልጄና የ7 ዓመቷ ሴት ልጄ ሶፋው ላይ ተደርድረን ምን እንይ እያልን ነበር። ኔትፍሊክስ ላይ «ፒኖኪዮ» አገኘሁ። በ2022 የወጣው፣ የዳይሬክተር ጊየርሞ ዴል ቶሮው። ፒኖኪዮ ደግሞ ምን ያመጣል ብዬ! እኔ የማውቀው የዲዝኒውን ነው። ሲዋሽ አፍንጫው የሚረዝመውን የእንጨት አሻንጉሊት፣ ነጭ ጓንት ያደረገውን። ወላጅ አብሮ ቢያይ ይመረጣል የሚል ማሳሰቢያ ነበረው። ወላጅ አለ፤ እኔው ነኝ። ከፈትኩት።

ገና ከመጀመሩ ልጅ ሞተ። እንጨት ጠራቢው ጀፔቶ፣ ካርሎ የሚባል ልጅ ነበረው። አባትና ልጅ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የስቅለቱን ምስል ሲሠሩ ውለው ሊወጡ ሲሉ የጦር አውሮፕላን በላያቸው ያልፋል። አብራሪዎቹ ከተማዋን መምታት እንኳ አልፈለጉም። ጭነት ለማቅለል ብለው ነው ቦምቡን የጣሉት። ካርሎ የጥድ ፍሬውን ሊያነሳ ተመልሶ ገብቷል። በቃ።

ሪሞቱን አነሳሁ። እናቴ «ተወው እስቲ፣ የት እንደሚደርስ እንይ» አለች። እናቴ ተወው ካለች ተወው ነው።

ፊልሙ በእንግሊዝኛ ነው። ትልቁ ልጄ ይሰማል። እናቴና ትንሿ አይሰሙም። ስለዚህ እኔ አስተርጓሚ ሆንኩ። ያውም ድምፄን እየቀያየርኩ! ለጀፔቶ ወፍራም፣ ለፒኖኪዮ ቀጭን። ሞት በዚህ ፊልም ክንፍና ቀንድ ያላት ሴት ናት፤ ለእሷ ሹክሹክታ ሰጠኋት። ታሪኩን የሚተርከው ፌንጣ ብቻ ወሬ ያበዛል፤ አንዱን ሳልጨርስ ሌላ ስለሚጀምር አብዛኛውን ዘለልኩት። ከእሱ በቀር ግን ሥራዬን በደንብ ሠርቻለሁ። ጀፔቶ ሰክሮ እንጨቱን ሲጠርብና ሲያለቅስ እኔም ድምፄን አንቀጥቅጬ ነበር። ጠዋት ስካሩ ለቆት ፒኖኪዮ ቤቱን ሲያተራምስበት ጮኼያለሁ። «ሸክም ሆንክብኝ!» የሚልበት ቦታ ላይማ እናቴ «ቀስ በል፣ ጎረቤት ይሰማል» ብላኛለች።

አሁን ስለ ተመልካቾቼ።

ትልቁ ልጄ ግማሹን ፊልም ስልኩ ላይ ነበር። ልጆቹ ወታደራዊ ካምፕ ሲገቡ ስልኩን አስቀመጠ። በዚህኛው ልጆች አህያ የሚሆኑበት ደሴት የለም፤ በምትኩ የሙሶሊኒ ሰዎች ልጆችን ለጦርነት ያሠለጥናሉ። አንዱ ባለሥልጣን የገዛ ልጁን ሽጉጥ አስይዞ አሻንጉሊቱን ግደለው ይለዋል። ልጄ እዚያ ላይ ዞር ብሎ አየኝ። ምንም አላለም። ፊቱን መልሶ ወደ ስክሪኑ አዞረ።

እናቴ ከሁሉም በላይ የወደደችው ፒኖኪዮ የስቅለቱን ምስል ቀና ብሎ ሲያይ ነው። እሱም ከእንጨት ነው፣ እኔም ከእንጨት ነኝ፤ ታዲያ ሰዉ እሱን ወዶ እኔን ለምን ይጠላኛል ይላል። ይህን ስተረጉም ትንሽ ፈርቼ ነበር። እናቴ «ልጅ እንዲህ ነው የሚጠይቀው» አለች።

ትንሿ ደግሞ ሳቀች! ፒኖኪዮ ይሞታል፣ ከዚያ ወዲያኛው ዓለም ውስጥ የሬሳ ሳጥን የሚሸከሙ ጥቁር ጥንቸሎች ቁጭ ብለው ካርታ ይጫወታሉ። እነሱን ባየች ቁጥር ትንከተከታለች። ፒኖኪዮ በሞተ ቁጥር «ጥንቸሎቹ መጡ!» ትላለች።

መጨረሻው ላይ እኔ አበቃልኝ። ፒኖኪዮ አባቱን ለማዳን የሞትን የአሸዋ ሰዓት ሰብሮ ይመለሳል። ሲሰብረው ደግሞ እንደማንኛውም ሰው ሟች እንደሚሆን ያውቃል። ከዚያ በኋላ እንኳን መተርጎም፣ መተንፈስም አቃተኝ። ድምፄ አልወጣም። መነጽሬን አውልቄ ዓይኔን እጠርጋለሁ፣ እናቴም ታለቅሳለች፣ ትንሿ ሁለታችንን እያፈራረቀች ታያለች። ፊልሙ እንደዚያው አለቀ።

ይኸው ስምንት ቀን ሆነው። ልጄ ልክ አይደለችም። አታለቅስም፤ አትቃዥም። ብቻ ዝም ብላለች። ጫማዋን ራሷ በመስመር ታስቀምጣለች። ሳይነገራት ሳህኗን ታነሳለች። (ባለቤቴ «ይሄስ ክፉ አይደለም» ልትል ጀምራ መልሳ ዋጠችው።) በዚያው ምሽት ሶፋ ላይ አንቀላፍታ ወደ አልጋዋ ስወስዳት ነቃ ብላ «አባዬ፣ እከብድሃለሁ?» አለችኝ። «ኧረ በጣም! ወገቤን ቆረጥሽው፣ አድገሻል እኮ» አልኳት እየሳቅኩ። ከዚያ ወዲህ ላነሳት ስል «በእግሬ እሄዳለሁ» ትላለች። ትልቅ ሰው ልሁን ማለቷ ይሆን፣ እንጃ።

ባለቤቴ «ለሰባት ዓመት ልጅ የሞት ፊልም!» ብላ ተቆጥታኛለች። ልክ ሳትሆን አትቀርም። እናንተ ልጆቻችሁን አሳይታችኋል? እንዴት ተቀበሉት? ስለ ሞት ቁጭ ብዬ ላውራት ወይስ ራሷ እስክትረሳው ልተወው?

መጻሕፍት ጠባቂ

ልጄ ልበልህ፣ ዕድሜዬ ይፈቅድልኛል። ረጅም ዘመን የሠራሁት መጻሕፍት መካከል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ራስህን መውቀሱን ቀነስ አድርግ።

ይህን ታሪክ ያጠቆረው ዴል ቶሮ አይደለም። ካርሎ ኮሎዲ ፒኖኪዮን መጻፍ የጀመረው በ1881 ነው፤ ሮም ውስጥ ይታተም በነበረ የልጆች ጋዜጣ ላይ፣ በተከታታይ። ምዕራፍ 15 ላይ ሽፍቶቹ ልጁን ዛፍ ላይ ሰቀሉት። ሞተ። ደራሲው ታሪኩን እዚያው ጨርሶት ነበር! ትንንሾቹ አንባቢዎች አይሆንም አሉ። ይቀጥልልን ብለው ወተወቱ። በ1882 ኮሎዲ ልጁን ከዛፉ አውርዶ ቀጠለለት፤ መጽሐፉ በ1883 ወጣ። ልብ በል፣ ልጆቹ አስፈራን ብለው ጋዜጣውን አልተዉትም። አምጡልን ነው ያሉት።

ፌንጣው ዘለልኩት አልክ። ኮሎዲም ብዙ አልታገሠውም። ገና ምዕራፍ 4 ላይ ፒኖኪዮ መዶሻ ወርውሮ ግድግዳ ላይ ይለጥፈዋል። ትንሽ ቆይቶ የራሱ እግሮች ይቃጠላሉ። የመጽሐፉ ጀፔቶ ደግሞ ልጅ የሞተበት ሐዘንተኛ አይደለም። አሻንጉሊቱን የሚሠራው አገር ለአገር እያዞረ እያጫወተ እንጀራውን ሊያገኝበት ነው። የሞተውን ልጅ ዴል ቶሮ ነው ያመጣው። ስሙንም ካርሎ አለው፤ የደራሲው ስም ነው። እኔ ይህን ሳይ ብቻዬን ፈገግ ብያለሁ።

ሌሎቹም ተረቶች እንዲሁ ናቸው። ፈረንሳዊው ተረት ጸሐፊ ፔሮ በ1697 ባሳተመው ውስጥ ቀይ ቆብ ለባሿን ልጅ ተኩላው ይበላታል፣ ተረቱም እዚያው ያልቃል። ሆዱን ቀዶ የሚያወጣት አዳኝ የለም። በጀርመናውያኑ ተረት ሰብሳቢዎች በግሪም ወንድማማቾች የ1812 እትም ስኖው ዋይትን ልታስገድል የምትፈልገው የገዛ እናቷ ናት። በ1819 እትም ነው እንጀራ እናት ያደረጓት። ይህን ለውጥ ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል። ግድያው አልቀረም። ክፉዋ ሴት አድርጋው እስክትሞት የምትደንስበት የጋለው የብረት ጫማም አልቀረም። የቀረችው እናት ናት። አዋቂዎች ለልጅ ይከብዳል ብለው የቀነሱት ደሙን ሳይሆን እናትን ነው።

እንግዲህ ስለ ሞት አውራት። ዝም ብትልም እየጠበቀችህ ሊሆን ይችላል።

ከኋላ ወንበር

ጋሼ መጻሕፍት ጠባቂ፣ በአክብሮት ነው፣ ግን ጥንትም ጨለማ ነበር ማለት ለዛሬዋ ልጅ ምን ይረባታል? ጥንት ጥርስ የሚነቀለው በጉጠት ነበር።

እኔ ፊልሙን ሲኒማ ቤት ነው ያየሁት፤ ኔትፍሊክስ ላይ ከመውጣቱ በፊት ለጥቂት ጊዜ አሳይተውት ነበር። ከፊቴ አንዲት እናት ሁለት ሕፃናት ይዛ ተቀምጣ ነበር። ቦምቡ ሲወድቅ አንዱን ይዛ ወጣች። ተመልሳ ሌላውን ወሰደች። ከዚያ ብቻዋን ተመልሳ ቦርሳዋን ስታነሳ ስክሪኑን እያየች ቆማ ቀረች። ሰው ከኋላ ተቀመጪ እስኪላት ድረስ። ስለዚህ ፊልሙ ሰው ይይዛል፣ አልክድም።

ግን እውነቱን እንነጋገር። 117 ደቂቃ ነው! ዘፈኖቹ ደካማ ናቸው። አንዱንም ከሲኒማ ቤቱ በር አላሳለፍኩትም። ልጁ ይሞታል፣ ይነሳል፣ ደግሞ ይሞታል። አንዴ ሙሶሊኒ ፊት የካካ ዘፈን ዘፍኖ በጥይት ይመታል። (ሙሶሊኒ ድንክ ሆኖ ከመኪናው ሲወርድ ስቄያለሁ። ለእኛ ሰውዬውን ማስተዋወቅ አያስፈልግም።) ሦስተኛ ጊዜ ሲሞት እኔ ሰዓቴን አየሁ። ዳይሬክተሩ አኒሜሽን የልጆች ዘውግ አይደለም፣ ሲኒማ ነው ብሎ ይከራከራል። በ2023 ኦስካሩን ሲቀበልም ያለው ይህንኑ ነው። እሺ፣ ይሁን። ታዲያ ለልጆች አይደለም ካልን ለልጆች አናሳይማ!

ባለቤትህ ልክ ናት። ሌላ ደስ የሚል ነገር አሳያትና ይህን ይሸፍንባት።

ባለ ሽቦ አጥንት

ከኋላ ወንበር ሁሌም ከኋላ ነህ፣ ተባረክ።

እኔ በትርፍ ጊዜዬ ስቶፕ ሞሽን እሞካክራለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ ፊልም ለምን ከሌሎቹ አኒሜሽኖች በላይ እንደሚሰማን።

ያየኸው ሥዕል አይደለም። በእጅ የሚያዝ አሻንጉሊት ነው። ውስጡ የብረት አጥንት አለው። ትንሽ ታንቀሳቅሰዋለህ፣ ፎቶ ታነሳለህ። እንደገና ትንሽ፣ እንደገና ፎቶ። አንዱ ሰከንድ 24 ምስል ነው። የፒኖኪዮ ፊት ጠንካራ ስለሆነ ስሜቱ በተለወጠ ቁጥር ፊቱ ተነቅሎ ሌላ ይገጠምለታል። የጀፔቶ ፊት ግን ሲሊኮን ነው፤ ከሥሩ ባሉ ጥቃቅን መቆጣጠሪያዎች ግንባሩን ያኮሳትሩታል። አባትየው በቆዳው ያዝናል፣ ልጁ በእንጨቱ። ሳታውቀው ልዩነቱ ይገባሃል።

ደግሞ ዴል ቶሮ አኒሜተሮቹን ስህተት እንዲሠሩ ይነግራቸው ነበር። ገጸ ባሕርያቱ የማያስፈልግ እንቅስቃሴ ያድርጉ ማለቱ ነው። እጁን ወደ ዕቃው ሰዶ መሳት፣ ማከክ፣ ቆም ብሎ ማሰብ። በተለመደው አኒሜሽን እንዲህ ያለውን ማንም አይደክምበትም፤ እያንዳንዷ ማከክ የሰው ሰዓታት ናትና። ጀፔቶ ሲቆጣ እውነተኛ አባት የተቆጣ የሚመስለው ለዚህ ነው። ፒኖኪዮም ያላለቀ ሥራ ነው። ሰካራም እንደጠረበው ሆኖ ቀርቷል፣ ምስማሮቹ ከጀርባው ወጥተው ይታያሉ። ማንም አልብሶ አላሳመረውም።

ለልጅህ የምመክረው ይኸውልህ። አንድ አሻንጉሊቷን ጠረጴዛ ላይ አቁሙ። ስልክህን ከመጽሐፍ ጋር አስደግፈህ አቁመውና አብራችሁ አንቀሳቅሱት። በሰከንድ 12 ፎቶ ይበቃል። ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ስታይ ፍርሃቱ ይቀላል። ቢያንስ የእህቴን ልጅ ረድቶታል። እሱ እንኳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በጣም ትንንሾቹን ግን «እውነት አይደለም» ማለት ብዙም አያጽናናቸውም፤ ማቀፍ ይሻላል።

የሦስቱ እናት

ወንድሜ ቅዳሜ ማታ፣ ጽሑፍህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ልጅህ ሞትን የፈራች አልመሰለኝም። ሞት ሲመጣ ስትስቅ ነበር አላልክም? ጥንቸሎቹ መጡ እያለች። ትንንሽ ልጆች ሞትን መንገድ ሄዶ እንደመመለስ ያዩታል። ይህ ልጅ ደግሞ በእርግጥ ይመለሳል! እሷን የሚያስደነግጣት ነገር የለውም። ሞቱ ያስለቀሰው አንተንና እናትህን ነው። እኔንም አስለቅሶኛል፤ ፌንጣው ሞቶ በክብሪት ሳጥን ውስጥ ሆኖ ፒኖኪዮ ልቡ ውስጥ ሲያኖረው ወጥ ቤት ገብቼ ውኃ ከፍቼ አለቀስኩ፣ ልጆቹ እንዳይሰሙ።

ልጅህ ምን አለችህ? «እከብድሃለሁ?» ነው ያለችህ። በዚያው ሌሊት። ሁለት ሰዓት አልሞላውም፣ «ሸክም ሆንክብኝ» የሚለውን ከሰማች። ያውም ከማን አፍ? ከጀፔቶ አይደለም። የጀፔቶን ቋንቋ አታውቅም። የሰማችው ያንተን ድምፅ ነው። ጎረቤት እስኪሰማ ጮኸህ።

ከዚያ ስትጠይቅህ «ወገቤን ቆረጥሽው» አልካት።

እየወቀስኩህ አይደለም፤ እኔም ብሆን እንደዚያው እላት ነበር። ግን ፒኖኪዮ ያን ቃል ከሰማ በኋላ ምን እንዳደረገ አስታውስ። ከቤት ወጣ። ለአባቴ ሸክም አልሁን፣ ሠርቼ ገንዘብ ልላክለት ብሎ ከዚያ ክፉ የሰርከስ ሰውዬ ጋር ሄደ። ያንተዋ መሄጃ የላትም። ስለዚህ ጫማዋን ታስተካክላለች፣ ሳህኗን ታነሳለች፣ በእግሬ እሄዳለሁ ትላለች። እኔ እንዲህ ነው የታየኝ፤ ልሳሳት እችላለሁ።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። ቃሉን ከሰማ በኋላ ፌንጣው ለፒኖኪዮ የነገረውን ተረጎምክላት? አባቶችም ተስፋ ይቆርጣሉ፣ ያን ጊዜ የማያምኑበትን ይናገራሉ፣ ቆይተው ነው የሚገባቸው ይለዋል። መጨረሻ ላይ ባሕሩ ዳር ጀፔቶ የሚለውንስ? ካርሎን ሁንልኝ አልልህም፣ እንዳለህ እወድሃለሁ የሚለውን? እኔ ያን ጊዜ ድምፅህ ተዘግቶ የነበረ መሰለኝ።

ቅዳሜ ማታ (ጠያቂ)

እህቴ፣ መልእክትሽን ሥራ ቦታ ነው ያነበብኩት። ተነስቼ ኮሪደር ላይ ቆምኩ።

ፌንጣውን ዘልዬዋለሁ። ያን ሰዓት አፍንጫዬን እየጠረግኩ ለእናቴ የቀደመውን ትዕይንት እያስረዳሁ ነበር መሰለኝ። የባሕሩን ዳርማ ጭራሽ። አንድ ቃል አልወጣኝም። ልጄ ስድቡን በአማርኛ ሰማች፣ ይቅርታውን በእንግሊዝኛ። አንድ ፊልም አየን ብዬ ሳስብ ሁለት የተለያየ ፊልም አይተናል። በእኔ ፊልም አባትየው መጨረሻ ላይ ይገባዋል። በእሷ ፊልም አባት ልጁን ሸክም ሆንክብኝ ይለዋል፣ ልጁ ለአባቱ ሲል ይሞታል፣ አባትና አያት ያለቅሳሉ። አለቀ።

የሚያሳፍረኝን ልጨምር። ስተረጉም «ሸክም» ያልኩት ቃሉ ፊልሙ ውስጥ ስላለ ነው። አጯጯሁ ግን የራሴ ነው። ጠዋት ጠዋት ለትምህርት ቤት ስንዘገይ የምጮኸው እንደዚያ ነው። ልጄ ያን ድምፅ ታውቀዋለች። ትወና የመሰለኝ ትወና አልነበረም።

ዛሬ ማታ አናግራታለሁ። እንዴት እንደምጀምር ግን አላውቅም።

መጻሕፍት ጠባቂ

ንግግር አታድርግባት። ፊልሙን መልሰህ ክፈትላትና የዘለልከውን ተርጉምላት። ያጎደልከው እሱን ነው።

የሦስቱ እናት

ጋሼ ያሉትን አድርግ። ደግሞ ራሷ ሳትጠይቅህ «ሸክም አይደለሽም» ብለህ አትጀምር። ያን ካልክ፣ ለካ ነበርኩ ልትል ትችላለች።

ቅዳሜ ማታ (ጠያቂ)

ተመልሻለሁ።

«የፊልሙን መጨረሻ በደንብ አልነገርኩሽም፣ እንደገና እንየው?» አልኳት። ትከሻዋን ነቀነቀች። ባለቤቴ በጥርጣሬ ከጎናችን ተቀመጠች። ትልቁ ልጅ «የፌንጣውን እኔ ልተርጉም» ብሎ መጣ። ከእኔ ይሻላል፤ ፈጣን ነው፤ ፌንጣው የሚፈልገው እንደዚያ ያለ ሰው ነበር።

ስለ አባቶች የሚናገርበት ላይ ደረስን። ልጄ ለእህቱ ተረጎመላት። ከዚያ ፊልሙን ራሱ አቆመው። «ገባሽ? አባትየው የምሩን አይደለም» አላት። እሷ እኔን አየችኝ። እኔ ስክሪኑን አየሁ፤ ፈሪ ነኝ።

ወደ ባሕሩ ዳር ሄድን። እዚህ ላይ እኔ ነኝ የተረጎምኩት። ድምፄ አሁንም ይንቀጠቀጣል፤ ግን ቃል በቃል ጨረስኩት። ወፍራሙን የጀፔቶ ድምፅ አላወጣሁም። በራሴ ድምፅ ነው ያልኩት።

ዝም አለች። ከዚያ ምን ብትል ጥሩ ነው? «መጀመሪያ ለምን አልነገርከኝም?»

«እያለቀስኩ ስለነበር» አልኳት።

«ስታለቅስ እኮ በእኔ የተናደድክ መስሎኝ ነበር።»

ባለቤቴ እጄን ያዘችኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ብዬህ ነበር» የምትልበት ቦታ ነው። አላለችም።

ልጄ ቀጠለች። «ወገቤን ቆረጥሽው አልከኝ።» ስምንት ቀን ሙሉ ይዛዋለች! እንዲህ አልኳት፤ ስታድጊ ክብደትሽ ይጨምራል፣ ጀርባዬ ያመዋል፣ እሱ እውነት ነው። ግን አንቺን ስሸከም ጀርባዬን ባመመኝ ቁጥር ደስ ይለኛል። ይህን ስላት ጥሩ ያልኩ መስሎኝ ነበር። «ታዲያ ካመመህ ለምን ደስ ይልሃል?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። እናቴ ከወንበሯ ላይ ሆና «እኔም አባትሽን እስከ ዘጠኝ ዓመቱ አዝዬዋለሁ፣ እንደ ድንጋይ ነበር» አለች። በዚህ ሳቋ መጣ። አባቷ ድንጋይ መሆኑ።

ወደ መኝታ ስንሄድ «በእግሬ እሄዳለሁ» አለች። ደነገጥኩ። በሩ ጋ ስትደርስ ቆመችና እጆቿን ዘረጋች። አምስት እርምጃ ብትሆን ነው። ተሸክሜ ወሰድኳት። አልጋዋ ላይ ሆና አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ ጥንቸሎቹ ካርታውን የሚጫወቱት በገንዘብ ነው ወይ አለችኝ።

ጫማዋ ዛሬ ጠዋት መሃል ኮሪደር ላይ ተጥሎ ነበር። ልጮህ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ከዚያ ግን መዘግየታችን እውነት ስለነበር ትንሽ ጮኽኩ።

ባለ ሽቦ አጥንት፣ ቅዳሜ አሻንጉሊት ልናንቀሳቅስ ነው። ስልኩን የሚይዝ ነገር ከምን ልሥራ?

ባለ ሽቦ አጥንት

ሁለት ወፍራም መጽሐፍና ላስቲክ ይበቃሃል። ዋናው ነገር ስልኩ እንዳይነቃነቅ ነው። መብራቱንም አንድ አድርጉት፤ መስኮት አጠገብ ከሠራችሁ ደመና ባለፈ ቁጥር ምስሉ ይርገበገባል። የመጀመሪያው ቀን አምስት ሰከንድ ካወጣችሁ ጎበዞች ናችሁ።

ከኋላ ወንበር

እሺ፣ ተሸንፌያለሁ። ደስ ብሎኛል፣ የምሬን ነው። ለእናትህ ሰላምታ አድርስልኝ።

ዘፈኖቹ ግን አሁንም ደካማ ናቸው።